አሮጌ ሳውንድ ካርድ፦ ከቆራሌው ጋሪ እስከ ክራር ድምፅ

ሰፈሬ አቃቂ ነው። እዚህ ከአውራ ዶሮ ቀጥሎ የሚሰማው "ቆራሌው!" የሚለው ጥሪ ነው። የዛገ ቆርቆሮ፣ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር፣ የተቃጠለ ምጣድ፣ ሁሉም እዚያ ጆንያ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ነጭ ሆኖ ተሠርቶ ዘመን የሻይ ቀለም ያለበሰው የኮምፒውተር ሳጥን በጋሪ ተጭኖ ያልፋል። ቁርሴን ትቼ የምሮጠው ያኔ ነው።

የምፈልገው ሳውንድ ካርዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኮምፒውተር ደህና ድምፅ የሚያወጣው ለብቻው በሚሰካ ካርድ ነበር፤ ካርዱ ከሌለ "ጢጥ" ከምትል ትንሽ ስፒከር በቀር ምንም የለም። የዚያ ዘመን የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት) ጌሞች አብዛኞቹ የተቀዳ ሙዚቃ አያጫውቱም። ኖታውን ለካርዱ ይልኩለታል፣ ካርዱ ራሱ ይጫወተዋል። ስለዚህ ያው ጌም በሁለት ካርድ ላይ ሁለት ዓይነት ይሰማል። የያማሃ ቺፕ ያለበት ካርድ መጀመሪያ ስሰማ ትዝ ያለኝ የልጅነቴ የሰርግ ድንኳን ነው። አይደንቅም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 የሙዚቃ ኪቦርድና የነዚህ ካርዶች ቺፕ ድምፅ የሚፈጥሩት በአንድ ዘዴ ነው፤ አንዱ ሞገድ ሌላውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ከመንቀጥቀጡ ደወል፣ ዋሽንት፣ ቤዝ ይወጣል። ዘዴው ኤፍኤም ይባላል።

እንግዲህ ይህን ድምፅ ቤታችሁ ማምጣት ለምትፈልጉ፣ እኔ የምሄድበትን መንገድ በየተራው ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ስሎቱን፣ ከዚያ ካርዱን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም ተሳስቼበታለሁ። ካርድ ካርድ ስል ቆይቼ ሦስት የሚያማምሩ ካርዶች በጫማ ካርቶን ውስጥ ተኝተው ዓመት አለፋቸው። የሚሰኩበት ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ አልነበረኝማ። ካርድ ትንሽ ስለሆነ የሆነ መደርደሪያ ጥግ ተረስቶ ይተርፋል። ማዘርቦርድ ግን ትልቅ ነው፣ ይመዝናል፣ ፈርሶ የሚሸጠውም ቀድሞ እሱ ነው። ስለዚህ ካርድ ነጥሎ ከመግዛት ይልቅ ሙሉ ሳጥን ያልፈረሰውን ግዙ። ሙሉ ሳጥን ውስጥ ካርዱ አብሮት ከኖረ ማዘርቦርድ ጋር ነው ያለው፤ ይስማማል አይስማማም ብሎ መጨነቅ የለም።

የምትፈልጉት ስሎት (ማዘርቦርዱ ላይ ያለ የካርድ መሰኪያ) አይኤስኤ የሚባለው ነው። ጥቁርና ረጅም ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ የመዳብ ጥርሶቹም ወፍራምና የተራራቁ ናቸው። ሙሉው ባለ 16 ቢት ስሎት በሁለት ጎኑ 98 ጥርስ አለው። አጠገቡ ነጭና አጠር ያለ፣ ጥርሱ የተጠጋጋ ካያችሁ እሱ ፒሲአይ ነው፤ በኋላ የመጣው። አብዛኛው የዶስ ጌም በቀጥታ የሚያናግረው የአይኤስኤ ካርዶችን ነው።

ሳጥኑ ሳይከፈት የሚታወቅበት ዘዴ አለ። የኋላውን የኪቦርድ መሰኪያ እዩ። እንደ አውራ ጣት ወፍራም ክብ ከሆነ በጣም አሮጌ ነው፤ አይኤስኤ አለው ብላችሁ ማኪያቶ መወራረድ ትችላላችሁ። ትናንሽ ክብ የሆኑ፣ አንዱ ወይን ጠጅ ሌላው አረንጓዴ ከሆኑ ግን መክፈት ያስፈልጋል። በኢንቴል 440ቢኤክስ የተሠሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የወጡ የፔንቲየም 2 እና የፔንቲየም 3 ቦርዶች ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት አይኤስኤ አላቸው። እኔ ለጀማሪ የምመርጠውም እነሱን ነው፤ አሮጌውንም አዲሱንም ያነጋግራሉ። ፔንቲየም 4 የሚል ምልክት የተለጠፈበትን ለዚህ ሥራ እለፉት።

የት ይገኛል

ከተማው መሃል መርካቶ ምናለሽ ተራ አለ፤ የማይሸጥ የለም፣ ግን ካርዱ እዚያ ሲደርስ ብዙ እጅ አልፎበታል። የኛ የዳር ሰፈር ጥቅም ዕቃው ወደዚያ ከመሄዱ በፊት ማግኘታችን ነው። አቃቂ፣ ቃሊቲ፣ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ ያሉ የቁርጥራጭ ብረት ግቢዎች ከቆራሌው በኪሎ ይረከባሉ፣ ይለያሉ፣ ከዚያ ነው የሚያሳልፉት። መያዝ ያለበት በዚያ መካከል ነው።

እንዴት? መጀመሪያ ከቆራሌው ልጆች ጋር መወዳጀት። እኔ በሰፈራችን ለሚያልፉ ለሁለቱ ስልክ ቁጥሬን ሰጥቻለሁ፣ የአንድ አሮጌ ካርድ ፎቶም በስልካቸው ልኬላቸዋለሁ። "ወንድሜ፣ እንደዚህ ያለ ካገኘህ እንዳትሰብረው፣ ከሚዛኑ በላይ እከፍልሃለሁ" ብሎ መናገር በቂ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የማትፈልጉትን ይዘው ሲመጡም ለድካማቸው የሻይ ስጡ፣ አለበለዚያ ሁለተኛ አይመጡም።

ባለ ግቢው ጋ ሲኬድ ደግሞ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ግቢ ገብቼ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ሳጥኑ ከፍሪጅ በር ሥር ተጋድሟል።

"ጋሼ፣ ይሄ ሲፒዩ እንዴት ነው?" አልኩ። (እዚህ ሳጥኑ በሙሉ ሲፒዩ ነው የሚባለው፤ አትከራከሩ።)

"በኪሎ ነው።"

"ሳይፈርስ በቁሙ ነው የምፈልገው።"

"ውስጡ ወርቅ አለ ብለህ ነው አይደል?"

"ወርቅ ቢሆንማ በእግሬ እመጣ ነበር ጋሼ?"

ሳቁ። ከሳቁ ወዲያ ዋጋው የሁለት ሰው ምሳ ሆነ። የወርቁ ወሬ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም፤ የካርዱ የታችኛው ጥርስ ላይ ስስ የወርቅ ቅብ ስላለ እሱን በመቀስ ቆርጠው የሚያስቀሩ አሉ። ጥርሱ የተቆረጠ ካርድ የሞተ ካርድ ነው፤ ቺፑ ቢያምርም ለቺፕ መለዋወጫ ካልሆነ አትግዙት።

ሌላው መንገድ ጨረታ ነው። መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ዕቃ ሲያስወግዱ በአዲስ ዘመን ላይ ያወጣሉ፤ ለጨረታው ሲፒኦ ማስያዝ አለባችሁ፣ የሚሸጠውም በጅምላ ነው። ሠላሳ ኮምፒውተር ከጠረጴዛና ከጎማ ጋር አንድ ላይ። ለብቻ አይሆንም፣ ከሦስት አራት ጓደኛ ጋር ግን ይሆናል። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ በየሰፈሩ የጥገና ሱቅ ኋላ ያለው መደርደሪያ ነው። ባለሱቁ "አንድ ቀን ይጠቅማል" ብሎ ያስቀመጠው ካርቶን አይጠፋም። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ግቡ፣ አቧራውን አትፍሩ።

ከሳጥኑ ጋር የሰው ሃርድ ዲስክ ይመጣል። የሂሳብ መዝገብ፣ የክሊኒክ ካርድ፣ የቤተሰብ ፎቶ ሊኖርበት ይችላል። አታስሱት፤ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። የተሰረቀ የሚመስል ነገር ደግሞ ቢረክስም አትንኩት።

ካርዱን ማንበብ

ሻጩ የሚያውቀው "ካርድ" መሆኑን ብቻ ነው። ኔትወርክ ካርድ፣ ሞደም፣ ቪዲዮ ካርድ፣ ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ናቸው። ሳውንድ ካርድ በኋላው ሦስት ወይም አራት የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው፣ አጠገባቸው ደግሞ ሰፋ ያለ የጆይስቲክ መሰኪያ። ያ መሰኪያ 15 ቀዳዳ አለው፤ በሁለት ረድፍ፣ ከላይ 8 ከታች 7። የሞኒተሩም 15 ነው፣ እሱ ግን ጠበብ ብሎ በሦስት ረድፍ አምስት አምስት ነው። ስልክ መስመር የሚገባበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካያችሁ ሞደም ነው፤ መልሱት።

ቀጥሎ ቺፑ። የስልካችሁን መብራት ከጎን አጋድማችሁ አብሩት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ጽሑፉ አይታይም። እኔ በጣቴ ምራቅ ነክቼ ጥርግ አደርገዋለሁ፣ እናንተ እርጥብ ጨርቅ ያዙ። የሚነበበው ቁጥር ከሳጥኑ ላይ ካለው ትልቅ ስም ይበልጣል።

ሳውንድ ብላስተር 16 በብዛት የሚገኘው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቶ ለዓመታት በደርዘን ዓይነት ተሠርቷል። የሞዴሉ ቁጥር ካርዱ ላይ "ሲቲ" ከሚለው ቀጥሎ አለ፦ 1740፣ 2230፣ 2940 እያለ ይሄዳል። ያማሃ የሚል፣ ዋይኤምኤፍ 262 የተጻፈበት ቺፕ ካለው እውነተኛው ኦፒኤል 3፣ ያ የያማሃ ኤፍኤም ቺፕ፣ ነው፤ በአንድ ጊዜ እስከ 18 ድምፅ ያሰማል። በኋላ የወጡት ላይ ካርዱን የሚሠራው ኩባንያ በራሱ ምትክ ቺፕ ቀይሮታል። ምትኩ ይሠራል፣ ግን ደወሉ ላይ የሆነ ብርጭቆ የመሰለ ጥራት ይጎድለዋል፤ የኔ ጆሮ ነው፣ የናንተን እናንተ ፍረዱ።

ስም የለሽ የቻይናና የታይዋን ካርዶችን አትናቁ። እንዲያውም ምርጫዬ እነሱ ናቸው። ኢኤስኤስ 1868 የሚል ቺፕ ያለበት ካርድ ማንም አይሻማበትም፣ ድምፁ ግን ከብዙ ሳውንድ ብላስተር 16 ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ያማሃ ዋይኤምኤፍ 719 ካገኛችሁ ደግሞ ኦፒኤል 3ን በሆዱ ይዟል፣ ሹክሹክታው ትንሽ ነው፣ ካርዱም ከመዳፍ አይበልጥም። ሁለቱም ከ16 በፊት የነበረውን የሳውንድ ብላስተር ፕሮን ስቴሪዮ ይረዳሉ፤ ሳውንድ ብላስተር 16 ራሱ ግን ይህን አይረዳም፣ ለፕሮ ለተሠሩ ጌሞች በሞኖ ብቻ ነው የሚያወጣው። የገዛ ልጁ የአባቱን ቋንቋ አለመቻሉ ይገርመኛል።

ሕልሙ ኤደብልዩኢ 32 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ፣ እንደ ክንድ የረዘመ ካርድ። ኢኤምዩ 8000 የሚባል ቺፕ አለው፤ የተቀዳ የእውነተኛ መሣሪያ ድምፅ በኖታ ያጫውታል። እስካሁን አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት። በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ከመሰካታችሁ በፊት ቀዩን ማብሪያ እዩ

ይህን ክፍል የጻፍኩት በራሴ ኪሳራ ነው። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣ ሳጥን ገዛሁ፣ ንጹሕ ነው፣ ቸኮልኩ። ሶኬት ላይ ሰካሁት። ጧ! አለ፤ ነጭ ጭስ፣ የቤቱ ቆጣሪ ወረደ፣ እናቴ ከጓዳ "እግዚኦ!" ብላ ወጣች። ፓወር ሰፕላዩ ኋላ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። የአሜሪካው 115 ላይ ነበር፣ የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 115 ላይ ሲሆን ፓወሩ የሚገባውን ቮልት እጥፍ ያደርገዋል፤ በ220 ቮልት ከ600 በላይ ይሆናል፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ሁለቱ ካፓሲተሮች አንዳንዳቸው የሚችሉት 200 አካባቢ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማብሪያውን ወደ 230 አንሸራቱ። ማብሪያ የሌለው ከሆነ የተለጠፈበትን ወረቀት አንብቡ።

ቀጥሎ ሳጥኑን ክፈቱ፤ ካቻቪቴ ብቻ ይበቃል። ማዘርቦርዱ ላይ ቆባቸው ያበጡ ወይም ቡናማ ነገር የተፉ ካፓሲተሮች ካሉ ገና አትሰኩት። በአሮጌዎቹ ላይ ሰማያዊ በርሜል የመሰለች ባትሪ ትኖራለች፤ ከጊዜ ብዛት ታፈሳለች፣ ዙሪያዋን አረንጓዴ ዝገት ይበላዋል። ቆርጣችሁ አውጧት፣ ቦታውን በአቼቶ በተነከረ ጥጥ ጥረጉ፣ ከዚያ በአልኮል አጽዱ። አቼቶው የፈሰሰውን ነገር ኃይል ይሰብረዋል።

ሳጥኑን ሊያጸዱ ወደ ጎሚስታ የሚሄዱ ሰዎች አይቻለሁ። የጎማ መንፊያው አየር ኃይለኛ ነው እውነት ነው፣ ግን ውኃና ዘይት አብሮት ይወጣል፤ አቧራውን ጭቃ አድርጎ ቺፖቹ ሥር ይከተዋል። ደረቅ የቀለም ብሩሽ ይሻላል። ካርዱን ደግሞ የጥርስ ብሩሽና ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል። 70 በመቶ የሚለው አልኮል ውኃም ስላለበት ካጸዳችሁ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጥላ ላይ ይድረቅ። የወርቅ ጥርሶቹን ነጭ የተማሪ ላጲስ በቀስታ አሹባቸው፤ ጥቁሩ ሲለቅ ቢጫው ፈክቶ ይወጣል። ስንት "የሞተ" የተባለ ካርድ በላጲስ ብቻ ተነሥቷል! በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሹራብ ለብሳችሁ ካርድ አትንኩ፣ ብረቱን አስቀድማችሁ ንኩ።

ሌላ የኛ ሰፈር ጉዳይ አለ። ሳጥኑን ስትነኩት ይነዝራል? ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት የመሬት ሽቦ ስለሌለው ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉ ማጣሪያ ካፓሲተሮች የመብራቱን ግማሽ፣ 110 ቮልት አካባቢ፣ ወደ ብረቱ ይሰዳሉ። ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሰው አይጎዳም፣ ግን የድምፅ ገመድ በዚያ ሁኔታ ስትሰኩ የካርዱን መውጫ ወይም የማጉያችሁን መግቢያ ሊያቃጥል ይችላል። መፍትሔው የመሬት መስመር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስገባት ነው። እስከዚያው ገመድ ስትሰኩና ስትነቅሉ ሁለቱንም ከሶኬት አውጡ፣ ኮምፒውተሩንና ማጉያውንም ከአንድ ማከፋፈያ አስነሡ።

እንዲናገር ማድረግ

ሃርድ ዲስኩ ከአሮጌነቱ ይጮሃል፣ ነገ ይሞታል። በምትኩ ሲኤፍ ካርድ (የአሮጌ ካሜራ ሚሞሪ ካርድ) እና ወደ ሃርድ ዲስክ ገመድ መቀየሪያ ተጠቀሙ። ሲኤፍ የት ይገኛል ካላችሁ፣ የሰርግ ፎቶ አንሺዎችን ጠይቁ። ካኖን 5ዲ ማርክ 2 የነበራቸው ሁሉ መሳቢያቸው ውስጥ የማይጠቀሙበት አንድ ሁለት አላቸው። ዶስ 6.22 በአንድ ክፍልፋይ ከ2 ጊጋባይት በላይ አያይም፤ 2 ጊጋ ካርድ ደግሞ ለዶስ ጌም ከበቂ በላይ ነው። በነፃ የሚገኘውን ፍሪዶስንም መጠቀም ይቻላል።

ካርዱን ከቪዲዮ ካርዱ በተቻለ መጠን የራቀ ስሎት ላይ ሰኩት፣ የቪዲዮ ካርዱ ጩኸት ወደ ድምፁ ይገባል። ብሎኑን አትርሱ፤ ያልታሰረ ካርድ ገመድ ሲሳብ ይነቀላል።

አሁን ቁጥሮቹ። ጌሙ ካርዱን የሚያገኘው አድራሻ፣ አይአርኪው እና ዲኤምኤ በሚባሉ ቁጥሮች ነው። አድራሻ 220፣ አይአርኪው 5፣ ዲኤምኤ 1 አድርጉ፤ ለባለ 16 ቢት ካርድ ሁለተኛው ዲኤምኤ 5፣ ሚዲው (ኖታ የሚላክበት መስመር) 330። በአሮጌ ካርድ እነዚህን የምታስተካክሉት በጃምፐር፣ ሁለት የብረት እግሮችን በምታገናኝ ትንሽ ቆብ፣ ነው፤ ከእግሮቹ አጠገብ ቁጥሩ ታትሟል። አንዳንድ ጥንታዊ ጌም 7 ካልሆነ ብሎ ያስቸግራል፤ 7 የፕሪንተሩ መስመር ስለሆነ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ የፕሪንተሩን በር ዝጉ። ጃምፐር የሌላቸው በኋላ የመጡት ካርዶች ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር በፕሮግራም መቀስቀስ አለባቸው። ዩኒሳውንድ የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አብዛኞቹን ያስነሣል፣ ከየካርዱ ጋር የመጣውን ዲስኬት ፍለጋ ከመንከራተት ያድናል።

ድምፅ ከወጣ በኋላ "ሽሽሽ" ካለ ወደ መበየጃ ካውያ አትሩጡ። ሚክሰሩን (የድምፅ መጠን ማስተካከያውን) ከፍታችሁ ማይክሮፎኑን፣ ላይን ኢኑንና ሲዲውን ዝጉ። ከሹክሹክታው ብዙው የሚመጣው ምንም ካልተሰካባቸው መግቢያዎች ነው።

ማሻሻል

ከዚህ በኋላ የቀረው ጩኸት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካርዱ ማጉያ ነው። የዚያ ዘመን ካርዶች ስፒከር በቀጥታ እንዲያስነሡ ትንሽ ማጉያ ቺፕ ተሰጥቷቸዋል፣ ቲኢኤ 2025 የሚል ካያችሁ እሱ ነው። ርካሽ ቺፕ ነው፣ ራሱ ይጮሃል። ዛሬ ማናችንም የራሱ ማጉያ ባለው ስፒከር ስለምናዳምጥ አያስፈልግም። ብዙ ካርዶች ላይ መውጫው አጠገብ ሁለት ጃምፐር አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስታዛውሩ ድምፁ ማጉያውን ዘሎ ይወጣል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ከዚህ በኋላ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ካፓሲተር መቀየር ፋሽን ሆኗል። እኔ አልስማማም፤ የሚሠራውን አትንኩ። የሚቀየሩት ሦስት ምልክት ሲታይ ነው፦ አንዱ ጆሮ ከሌላው ቀንሶ ሲሰማ፣ ቤዙ ሲጠፋ፣ ወይም ካርዱ ሲሞቅ የዓሣ ሽታ ሲሸት። ሽታው የሚመጣው በተለይ እንደ ትንሽ የብረት ጣሳ ሆነው ቦርዱ ላይ ከተለጠፉት ነው፤ ፈሳሻቸው ወጥቶ መዳቡን ይበላል። አዲሶቹን መርካቶ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መለዋወጫ ከሚሸጡ ሱቆች ታገኛላችሁ። ማይክሮፋራዱ እኩል ይሁን፣ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ። ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ፣ የተቀባ መስመር ወይም ጥቁር ምልክት ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው፣ ተገልብጦ ከገባ ይፈነዳል። በካውያ አሮጌውን ሊድ ስታቀልጡ መጀመሪያ አዲስ ሊድ ጨምሩበት፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ቶሎ ይለቃል፣ የቦርዱም መዳብ አይላጥም። ሊዱ እርሳስ አለው፤ እንጀራ በእጅ የምንበላ ሰዎች ስለሆንን እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልጆችንም አርቁ።

ሳውንድ ብላስተር 16 ላይ 26 እግር ያለው፣ በሁለት ረድፍ የቆመ መሰኪያ ካለ ተጨማሪ የመሣሪያ ድምፅ ቦርድ ይሸከማል፤ እንደ ያማሃ ዲቢ 50ኤክስጂ ያለ። ግን ከማዘዛችሁ በፊት 1741 የተጻፈበትን ቺፕ ፈልጉና ሥሩ ያለውን አንብቡ። ቪ411 ወይም ቪ412 ከሆነ፣ አንዳንድ ቪ413ም ላይ፣ ጉድለት አለበት፦ ጌሙ ንግግርና ሚዲን አንድ ላይ ሲያሰማ አንድ ኖታ ተይዞ እንደ መኪና ክላክስ ይቀራል። ቪ405 ከሆነ ሰላም ነው። ይህን ሳላውቅ ቦርዱን ከውጭ ዘመድ አስልኬ አምጥቼ፣ ለአንድ ወር ያክል ጥፋቱን በቦርዱ ሳሳብብ ነበር።

አሁን ወደ ኤደብልዩኢ 32። ያች ካርድ ሁለት የራም ስሎት አላት። ባለ 30 እግር፣ ሲም የሚባል ራም ነው የሚገባው (የስልኩ ሲም አይደለም)፤ የ386 እና የ486 ቦርዶች ላይ የነበረው፣ ቆራሌው በጆንያ የሚያመጣው። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አጋድማችሁ አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጉ፣ የጎን መያዣዎቹ "ቀጭ" ይላሉ። መያዣዎቹ ፕላስቲክ ከሆኑ ደርቀዋል፤ በጥፍር ካስገደዳችኋቸው ይሰበራሉ፣ የኔዋ ግራ መያዣ ዛሬም በላስቲክ ነው የታሰረው። ራም መግባቱን ለካርዱ የሚነግር ጃምፐር አለ፣ እሱንም አዛውሩ። ሁለት ባለ 16 ሜጋ ካስገባችሁ ካርዷ የምትጠቀመው 28 ሜጋውን ነው፤ የቀረው አድራሻ ቀድሞ ካርዷ ላይ ላለው የድምፅ ሮም (የማይለወጥ ማከማቻ) የተያዘ ነው።

ራሙ ለምን? የራሳችሁን መሣሪያ ለመጫን። ካርዷ ስትወጣ የነበራት ራም 512 ኪሎባይት ብቻ ነው። እኔ የጎረቤቴን ክራር በስልክ ቀዳሁ፣ ስድስቱን ክር ለየብቻ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ። በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ በ16 ቢት፣ በሞኖ ሲሆን አንዱ ክር 264,600 ባይት ይወስዳል፤ በ512 ኪሎ ውስጥ አንድ ክር ገብቶ ሁለተኛው ላይ ይጨናነቃል። ስድስቱ 1,587,600 ባይት ናቸው። ሁለት ባለ 1 ሜጋ ሲም ይበቃል፣ ማንም የማይፈልገው፣ ከጆንያ ሥር የሚወጣው ዓይነት።

ቀረጻውን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ፖሊፎን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ሳውንድፎንት (የመሣሪያ ድምፆች ወደያዘ ፋይል) ቀይሩት፤ ለእያንዳንዱ ክር ቁልፉን ስጡት፣ የድምፁን ጅራት በቀስታ እንዲሞት አድርጉ። ፋይሉን በሲኤፉ አሻግራችሁ በዊንዶውስ 98 ከካርዷ መቆጣጠሪያ ጫኑት። የሙዚቃ ኪቦርድ ካላችሁ በጆይስቲኩ መሰኪያ በኩል በሚዲ ገመድ ይገናኛል። ጎረቤቴ የመጀመሪያውን ትዝታ ሲሰማ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አስጠግቶ "ሦስተኛው ክር ረግቧል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስቀዳ ሳላስቃኘው ቀርቻለሁ። ቅዳሜ ደግመን እንቀዳለን።